በሁለት ቤት መካከል

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከ40 ዓመት በላይ አቡጀዲ ወጥረው የንግሥተ ሳባን ታሪክ ሲሥሉ ኖረዋል። ሥዕሎቻቸው ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች እየተጠቀለሉ በቱሪስት ሻንጣ ባሕር ተሻግረዋል፤ አንዱም ላይ ስማቸው የለም። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብሩሽ አይዙም። ከእናቴ ጋር አብረው ይኖሩበት በነበረው የሽሮ ሜዳ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዘንድሮ ከሜሪላንድ ስመጣ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዤላቸው መጣሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ ገጽ እየገለጥኩ ስተረጉምላቸው የተነጋገርነው፣ እስከማስታውሰው ድረስ፣ ይኸው ነው።

ጋሼ፦ ይኼ የልጆች አይደለም እንዴ? ተሳስተሽ የልጅሽን ይዘሽ መጥተሽ እንዳይሆን።

እኔ፦ የእርስዎ ነው ጋሼ። እንዲያውም ለልጅ የማይታዩ ገጾች አሉበት።

ጋሼ፦ በ76 ዓመቴ ካርቱን! በይ እሺ። ማነው የሣለው?

እኔ፦ አድሪያን ቶሚኔ ይባላል። ዘሩ ጃፓን ነው፤ እሱ ግን እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ በ1974 የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ቤተሰቡ አሜሪካ ከገባ አራተኛ ትውልድ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርዎ። ገና ተማሪ ሳለ ታሪኮቹን ራሱ እየሣለ፣ ራሱ እያባዛ መሸጥ ጀመረ። ይኼኛው በ2015 ሞንትሪያል ታተመ። ስድስት አጫጭር ታሪኮች ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ እናትና ልጅ። ርዕሱ «መግደልና መሞት» ነው።

ጋሼ፦ በስመ አብ! አባትና ልጅ፣ እናትና ልጅ ካልሽ በኋላ?

እኔ፦ የመድረክ ቋንቋ ነው። እዚያ አገር ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ሰው የሚያስቅ ቀልደኛ፣ አዳራሹ በሳቅ ከፈረሰለት «ገደለ» ይሉታል። ማንም ካልሳቀለት «ሞተ»።

ጋሼ፦ እኛስ «በሳቅ ገደለኝ» እንል የለ? በእኛ ግን የሚሞተው ሳቂው ነው። እነሱ ጋ ደግሞ ቀልደኛውም ይሞታል ማለት ነው። ተገቢ ነው፤ የማያስቅ ቀልደኛ ስንቱን አይቻለሁ። እስቲ ስጪኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… በዚህ ገጽ ላይ ስንት ቤት ነው ያለው?

እኔ፦ ቤት?

ጋሼ፦ እያንዳንዱ ሣጥን። አባቴ «ቤት» ነበር የሚሉት፣ እኔም ቤት እላለሁ። ገበጣ ቤት አለው፣ ግጥም ቤት አለው፤ ሥዕል ምን አጥቶ?

እኔ፦ ደስ የሚል ስም ነው። 20 ቤት አለው። ይኼ ታሪክ በአንድ ገጽ 20 ቤት ነው።

ጋሼ፦ የእኔ አቡጀዲ 44 ነበረ። ነጋዴው ከታሪኩ ይልቅ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው፤ 43 ከሆነ ቆጥሮ ይመልስልኛል። አርዌ ዘንዶው ከሚነግሥበት ይጀምራል፣ ታቦቱ አክሱም ሲገባ ያልቃል። አንድ ቤት፣ አንድ ሥራ። እዚህ ዘንዶው ይገደላል። እዚህ ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ያወራል። እዚህ ንግሥቲቱ ቅመም የበዛበት ራት ትበላለች፤ እዚህ ሌሊት ውኃ ጠምቷት ትነሣለች፤ እዚህ ሰሎሞን እጇን ይይዛል። እዚህኛው ቤት ውስጥ ግን፣ ይኼ ሰውዬ ምን እየሠራ ነው?

እኔ፦ ምንም። ልጁ አንድ ነገር ነገረችው፣ ዝም አለ።

ጋሼ፦ ለዝምታ አንድ ቤት ሙሉ? አቡጀዲውን በነፃ ነው እንዴ የሚያገኘው?

እኔ፦ ጋሼ፣ የቤተሰብ ታሪክ እኮ አብዛኛው ይኼ ነው። ዘንዶ የሚገደልበት ቀን ስንት ነው? የሚበዛው ራት ተበልቶ ዝም የሚባልበት ቀን ነው። እኔ በቃል ብጽፈው «ለረጅም ጊዜ ዝም አለ» እላለሁ፤ አንባቢው ዓይኑን ሳያርገበግብ ያልፋታል። እዚህ ግን ያው ፊት ተደግሞ ሲሣል ዓይንዎ እያንዳንዱ ቤት ላይ መቆም አለበት። ዝምታውን አብረዋቸው ይቀመጡታል።

ጋሼ፦ በዚያ ላይ ቤቱ ጠባብ ነው። ሦስት ሰው ሲገባበት ጭንቅላቱ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቤተ ሰብ ብሎ ስም ያወጣልን ሰው ይኼን ሥዕል አይቶ ነው እንዴ? በይ ቀጥይ፣ ልጅቷ ምን አለችው?

እኔ፦ 14 ዓመቷ ነው። ትንተባተባለች። እና ቀልደኛ መሆን እፈልጋለሁ፣ ትምህርቱን ልማር አለች። እናትየው እሰይ አለች። አባትየው ግን ሰው ይስቅባታል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ከአፉ ሲወጣ ደግሞ ክፋት ሆኖ ነው የሚወጣው።

ጋሼ፦ ይኼን አባት አውቀዋለሁ። ልጁ ሳትወድቅ «ወድቀሻል» የሚል። አባቴ ከጎጃም ሲመጡ ሥዕል ተምረው የመጡት ቤተ ክርስቲያን ነው። መጀመሪያ ቅዱስ ገብርኤልን የሣልኩ ዕለት ቆመው አዩና «ክንፉ የዶሮ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ክንፍ ስሥል እጄ ይከብደኛል። ሳባን የመረጥኩት ለዚህ ይሆናል፤ ክንፍ ያለው ሰው ብዙ የለባትም። ቆይ… ይቺ ሴትዮ ሻሽ አሰረች።

እኔ፦ የትኛዋ?

ጋሼ፦ እናትየው። እዚያኛው ገጽ ላይ ፀጉሯ ይታይ ነበር። ታማለች?

እኔ፦ እኔ ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ነው ይኼን ያየሁት!

ጋሼ፦ አንዲትን ንግሥት በአንድ አቡጀዲ ላይ ስንት ጊዜ እንደምሥላት ታውቂያለሽ? አክሊሏ ከቤት ቤት ከተለዋወጠ ገዢው «ይቺ ሌላ ሴት ናት» ይላል። ልብስ ማየት ሥራዬ ነው። እዪ፣ ሰውነቷም እየደከመ ነው። እነሱ ግን ስለ እሷ አያወሩም፤ ስለ ልጅቷ ትምህርት ነው የሚጨቃጨቁት… አሁን ደግሞ የት ሄደች?

እኔ፦ ሞተች።

ጋሼ፦ የት ላይ? ቤቱን አሳዪኝ።

እኔ፦ ቤት የለውም። በዚህኛውና በዚያኛው መካከል ነው።

ጋሼ፦ ነጩ ላይ?

እኔ፦ ነጩ ላይ። ቀብር የለም፣ ለቅሶ የለም። ስኮት ማክላውድ የሚባል ሠዓሊ በ1993 ስለ ኮሚክ አሠራር በኮሚክ መልክ አንድ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። እሱ እንደሚለው ትልቁ ሥራ የሚሠራው ሥዕሉ ውስጥ ሳይሆን በሁለት ሥዕሎች መካከል በምትቀረው ክፍት ቦታ ነው። በአንዱ ቤት አንድ ሰው መጥረቢያ አንሥቶ ይታያል፤ በሚቀጥለው ቤት ከተማው ብቻ ነው ያለው፣ ከከተማው ውስጥ ጩኸት ይሰማል። መጥረቢያው ሲወርድ አልተሣለም። ያወረደው አንባቢው ነው፣ በገዛ ጭንቅላቱ።

ጋሼ፦ ስለዚህ ይቺን ሴት የገደልኳት እኔ ነኝ?

እኔ፦ እርስዎና እኔ።

ጋሼ፦ ጨካኝ ነው። ሰው ሲሞት መርዶ የሚባል ነገር አለ። ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ሰውዬው በሩን ሲከፍት ያንን ሁሉ ሰው አይቶ፣ ማንም ምንም ሳይለው ይገባዋል። ብቻውን አይወድቅም፤ የሚይዘው እጅ አለ። ይኼ ሠዓሊ አንባቢውን ብቻውን ነው የጣለው። በሩን የሚያንኳኳ አንድ ሽማግሌ እንኳ አላቆመለትም።

እኔ፦ መርዶ ሁልጊዜ በሰዓቱ ይመጣል እንዴ ጋሼ?

(አልመለሱልኝም። ጥቂት ገጾች በራሳቸው እጅ ገለጡ።)

ጋሼ፦ ይኼን ተይውና ሌላ አሳዪኝ።

እኔ፦ እሺ፣ ይኼኛው ያስቅዎታል። የሰው ግቢ እያሳመረ የሚኖር አትክልተኛ ነው። አንድ ቀን፣ ተክልና ሐውልት የተዋለደበት አዲስ ጥበብ ፈጠርኩ ብሎ ተነሣ። የሚሠራቸው ነገሮች አስቀያሚ ናቸው። የሚገዛው የለም፣ ጎረቤት ይሣለቃል፣ ሚስቱ ትታገሣለች፣ ትታገሣለች፣ ከዚያ ይሰለቻታል። ልጅ ይወለዳል፣ ዓመት ያልፋል፣ ሰውዬው ግን አይተውም። በመጨረሻ በገዛ እጁ ይሰባብራቸዋል።

ጋሼ፦ ምስኪን። የሠዓሊ ቤት እንዲህ ነው። አክስትሽ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተ ንግሥት ታጫውታለህ፣ እኔ ምስር ልልቀም» ትለኝ ነበር። እኔስ የሚገዛኝ ፈረንጅ ነበረልኝ። ግን ለምንድን ነው ገጹ የተቆራረጠው? ጥቁርና ነጭ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከዚያ ድንገት ቀለም።

እኔ፦ የድሮ የአሜሪካ ጋዜጣ አወጣጥ ነው። ስድስቱን ቀን አጭር ቀልድ በጥቁርና ነጭ፤ እሑድ ሙሉ ገጽ ባለ ቀለም። ቶሚኔ የአንድን ሰው የዓመታት ውድቀት በዕለታዊ ቀልድ ልክ ቆራርጦ አስቀመጠው። በየአራት ቤቱ መጨረሻ ላይ መሣቅ አለብዎት። ሲሥቁ ሲሥቁ ቆይተው፣ የሣቁበት የሰውዬው ትዳር መሆኑን ያስተውላሉ።

ጋሼ፦ ብልጥ ነው። ይቺኛዋስ? ይኼ ገጽ ላይ ሰው የለም እኮ። የአውሮፕላን መስኮት፣ ሻንጣ፣ መንገድ…

እኔ፦ «ከጃፓንኛ የተተረጎመ» ይላል ርዕሱ። አንዲት እናት ለልጇ የጻፈችው ነው። ሕፃን ሳለ ይዛው ከጃፓን ወደ ካሊፎርኒያ የተመለሰችበትን ጉዞ ትነግረዋለች። ከአባቱ ጋር ተለያይተው ነበር። የማንንም ፊት አያዩም፤ የእሷንም፣ የአባትየውንም።

ጋሼ፦ ፊት የሌለው ሥዕል ምን ሥዕል ነው? ሰውን ሰው የሚያደርገው ፊቱ አይደል? ይኼ ፎቶ ሲያነሣ እጁ የተንቀጠቀጠበት ሰው ሥራ ነው።

እኔ፦ እናትየው የምታስታውሰው እኮ ነው የተሣለው። ሰው በራሱ ትዝታ ውስጥ የራሱን ፊት አያይም።

ጋሼ፦ አልገባልኝም። ይሁን፣ እለፊው።

እኔ፦ የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልንገርዎ። ከሱስ ለመላቀቅ በሚሰበሰቡ ሰዎች መካከል የተገናኙ ወንድና ሴት አሉ፤ አብረው መኖር ይጀምራሉ፣ ባይጀምሩ ይሻል ነበር። የመጨረሻው ደግሞ አንድ ወታደር ነው። ድሮ ይኖርበት የነበረው ቤት ቁልፍ እጁ ገብቷል። አሁን የሚኖሩበት ሰዎች ሲወጡ እየጠበቀ ይገባና ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ጋሼ፦ ሊሰርቅ?

እኔ፦ ምንም አይሰርቅም። ቤቱ ውስጥ መሆን ብቻ ነው የፈለገው።

ጋሼ፦ እሱን ወደድኩት።

(ከስድስቱ አንዱን ሳልተረጉምላቸው ዘልዬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ መጽሐፉን ያየ ያውቃል። ፈረንሳዊው የፊልም ሠሪ ዣክ ኦዲያር ግን አልዘለለውም። ያንኑና የቀልደኛዋን ልጅ ታሪክ ከሌላ የቶሚኔ ታሪክ ጋር አዋሕዶ በ2021 የፓሪስ ፊልም አደረጋቸው።)

ጋሼ፦ ሁሉም የፈረንጅ ቤት ነው እንግዲህ። የጥቁር ሰው ቤት የሣለ የለም?

እኔ፦ አለ እንጂ። ማርጌሪት አቡዌ የምትባል የአይቮሪ ኮስት ሰው «አያ» የሚል ጽፋለች፤ የሣለው ክሌማን ኡብሬሪ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ2005 ፈረንሳይ ወጣ። በ1970ዎቹ አቢጃን፣ ዮፑጎን የሚባል ሰፈር ነው። ጦርነት የለ፣ ረሃብ የለ፤ ሦስት ልጃገረዶችና እናቶቻቸው፣ ሚስት የሚደብቅ አባት፣ ጠጅ ቤት የሚመስል ጭፈራ ቤት። እሱን በሚቀጥለው አመጣልዎታለሁ።

ጋሼ፦ አምጪው። ለመሆኑ እንዲህ የሰፈር ሰው መሣል የጀመረው ይኼ ጃፓኑ ነው?

እኔ፦ አይደለም። ከእሱ በፊት ብዙ ናቸው፤ ዋናው ግን ዊል አይዝነር ነው። በ1917 ብሩክሊን ከስደተኛ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ወጣት ሳለ ዓይኑን በጭምብል የሸፈነ ወንጀለኛ አሳዳጅ እየሣለ ነው ስሙን የተከለው። በ61 ዓመቱ፣ በ1978፣ «ከእግዚአብሔር ጋር የተደረገ ውል» የሚል መጽሐፍ አወጣ። አራት አጫጭር ታሪኮች፣ አንድ ሕንፃ፤ ብሮንክስ፣ ድሮፕሲ ጎዳና፣ ቁጥር 55። ድሃ ስደተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩበት። ሽፋኑ ላይ «ሥዕላዊ ልብ ወለድ» ብሎ ጻፈበት፤ ስሙን የፈጠረው እሱ ባይሆንም በሰው አፍ የገባው በእሱ ነው። የታተመውም በጥቁር ቀለም አይደለም፣ በቡናማ ነው።

ጋሼ፦ እንደ አሮጌ ብራና። ጥሩ ሰው ነው። ውሉስ ምንድን ነው?

እኔ፦ ፍሪም ኸርሽ የሚባል አይሁድ ነው። ልጅ ሳለ ሩሲያ ውስጥ፣ ደግ ሆኜ ከኖርኩ እግዚአብሔርም ደግ ይሆንልኛል ብሎ ውሉን ድንጋይ ላይ ጻፈ። ድንጋዩን ይዞ አሜሪካ ገባ። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ የተጣለች ሕፃን አገኘ፣ በእናቱ ስም ጠርቶ አሳደጋት። ልትጎመራ ስትል ታመመችና ሞተች።

ጋሼ፦ ስለት ነው እኮ ይኼ! ግን ስለት በቃል ነው፤ ድንጋይ ላይ የጻፈ አላየሁም። ስለቱ ሳይሰምርለት ሲቀር ምን አደረገ?

እኔ፦ ውሉ ፈርሷል አለ። ድንጋዩን በመስኮት ወረወረው። ጢሙን ተላጨ፣ ያንኑ የሚኖርበትን ሕንፃ ገዛ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ተከራይ የሚያስለቅስ ሀብታም ሆነ። ኋላ ግን አላስቻለውም፤ የምኩራቡን ሽማግሌዎች አዲስ ውል ጻፉልኝ አላቸው። ጻፉለት። ውሉን እጁ አድርጎ፣ አሁን እንደ ገና እጀምራለሁ፣ እንደ ገና ልጅ አሳድጋለሁ እያለ ሳለ ልቡ ቆመ።

ጋሼ፦ ድንጋዩስ?

እኔ፦ አንድ የሰፈር ልጅ አገኘው። ከታች የራሱን ስም ጻፈበት።

ጋሼ፦ አይ፣ አይ፣ አይ። ማን ያስጥለው ያንን ልጅ! ይኼን ያህል ከእግዚአብሔር ጋር የሚያነታርክ ነገር ሰው ዝም ብሎ አይፈጥርም። ከየት አመጣው?

እኔ፦ የራሱ ልጅ ሞታበት ነበር። በ1970፣ በ16 ዓመቷ፣ በደም ካንሰር። መጽሐፉ ሲወጣ ግን ለአንባቢ አልተናገረም። ሁሉም ለኸርሽ ልጅ ሲያለቅስ፣ እሱ የማንን ልጅ እንደሣለ ዝም አለ። የተናገረው ሸምግሎ ነው፣ ልጁ ከሞተች ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ። በ2005 ሞተ።

ጋሼ፦ 30 ዓመት መርዶ ያዘ! እኔ 23 ቀን ብይዝ ይኸው እስካሁን…

እኔ፦ 23 አይደለም ጋሼ። 26 ቀን ነው።

ጋሼ፦ … ቆጠርሽው?

እኔ፦ እማዬ ያረፈችው ቅዳሜ ነው። እኔ የወለድኩት ከዚያ በ19ኛው ቀን፣ ሐሙስ። የነገራችሁኝ በሳምንቱ።

ጋሼ፦ ደምሽ ከፍ ብሎ ሐኪም አስተኝቶሽ ነበር እኮ። ራስሽ ነሽ የነገርሽን። ሽማግሌዎቹ እዚሁ፣ እዚህ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መከሩ፤ እስክትገላገል አይነገራት አሉ። ስልኩን አንተ አንሣ አሉኝ። እምቢ ልበል? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

እኔ፦ ያንኑ። አላማረርኩም ጋሼ፤ ማንም አላማረረም። ግን «ጉሮሮዋን አሟት ድምፅዋ ተዘግቷል» ሲሉኝ ማር በሎሚ ስጧት ብዬዎታለሁ። በሚቀጥለው ስደውል «ሎሚውን ጠጣች ወይ?» አልኩ። እርስዎ «ጠጣች» አሉኝ።

ጋሼ፦ …

እኔ፦ መጽሐፉን ያገኘሁት አራስ ቤት ሆኜ ነው። ሌሊት ሕፃኑን ሳጠባ ነበር የማነበው። ያቺ እናት ነጩ ላይ ስትጠፋ፣ እኔ ያለሁት እዚህ ነው አልኩ። 26 ቀን። እዚህኛው ቤት ውስጥ እናት አለችኝ፤ እዚያኛው ቤት ውስጥ የለችም። መካከሉ ላይ ሎሚ እያዘዝኩ ነው።

(ሻይ መጣ። ጋሼ ስኳሩን ረጅም ጊዜ አማሰሉ።)

ጋሼ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በእኛ ሥዕል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው በጎኑ ነው፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳ በአንድ ዓይን፣ ሰይጣን በአንድ ዓይን። ሕፃን እንኳ ሥዕሉን አይቶ ማንን እንደሚወድ ያውቃል። ያ አባት፣ የቀልደኛዋ አባት፣ እንዴት ነው የተሣለው?

እኔ፦ አንዳንዴ ፊቱ ሙሉ ነው፣ አንዳንዴ በጎኑ፣ አንዳንዴ ጀርባው ብቻ።

ጋሼ፦ ታዲያ ሰው በምን ይፍረድ?

እኔ፦ ለመፍረድ ይቸግራል። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ልጅቷ ሳትነግረው መድረክ ላይ ትወጣለች። እሱ ተደብቆ ሄዶ ከሰው ኋላ ያያታል። አልሣቁላትም። ቅድም እንዳልኩዎት፣ በመድረኩ ቋንቋ ሞተች። አብሯት የሚሞተውን ግን ከእርስዎና ከእኔ በቀር ማንም አያየውም። ያንን ሰው በአንድ ዓይን ልሣለው ቢሉ እጅዎ እሺ ይላል?

ጋሼ፦ አይልም። ሁለቱንም ዓይን ልሥልለት ብልም አይልም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለጻድቅና ለኃጥእ ነው የተሠራው፤ ለአጎት አልተሠራም። ነገሩ አሁን ነው የሚታየኝ። ሕፃኑ ምኒልክ የሚወለድበት ቤትና አባቱን የሚያይበት ቤት ጎን ለጎን ናቸው፤ ቢበዛ አንድ ስንዝር። ክብረ ነገሥት ግን ልጁ በ12 ዓመቱ «አባቴ ማነው?» አለ፣ በ22 ዓመቱ ሄደ ነው የሚለው። በአንዳንዱ አተራረክ እናቱ መስተዋት ትሰጠዋለች፤ አባትህ ይኼን ይመስላል ብላ። እስቲ አስቢው፣ አባቱን ሲናፍቅ የገዛ ፊቱን እያየ ያደገ ልጅ። ያ ሁሉ ዓመት የትም ቤት የለውም። እኔም 40 ዓመት ሙሉ በማስመሪያ ጥቁር መስመር እየሠራሁበት አለፍኩ። አንድም ነጋዴ «ይኼ ልጅ መች አደገ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

እኔ፦ ቢጠይቁዎትስ?

ጋሼ፦ 45ኛ ቤት ይጠይቀኛል፣ አቡጀዲው አይበቃም። እርሳስ አለሽ?

እኔ፦ እስክሪብቶ ነው ያለኝ።

ጋሼ፦ ይሁን። ስንት ጊዜ ነው የደወልሽው?

እኔ፦ አምስት።

(መጽሐፉ የተጠቀለለበትን ካኪ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አምስት ቤት ሠሩ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። በመጀመሪያው ስልክ ሣሉ። በሁለተኛው ስልኩን የጨበጠ እጅ። በሦስተኛው የተቆረጠ ሎሚ፤ ለካ ገዝተው ነበር። በአራተኛው ሚስማር ላይ የተሰቀለ ነጠላ። አምስተኛው ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጡ፣ እጃቸው ደክሞ ነው።)

እኔ፦ የእርስዎ ፊትስ ጋሼ?

ጋሼ፦ ያቺ ጃፓናዊት ፊት አልነበራትም አላልሽም?

እኔ፦ ይኼ ነጠላ የእማዬ ነው?

ጋሼ፦ የማን ይሆናል?

እኔ፦ ያኔ እዚያ ተሰቅሎ ነበር?

ጋሼ፦ አሁንም እዚያው ነው። ክፍሏ ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ። ከመጣሽ ሳምንት ሊሆንሽ ነው፣ አንድ ቀን አልገባሽም።